በሉህ ሠላሳ አንድ ላይ ያለው ዳቦ ቤት

ዴሊማ ጋኞን የእህቷን ባል ድምፅ የሰማችው ከካርታ መደርደሪያው ጀርባ ቁጭ ብላ ሙጫ ስትቀባ ነው። ኦቪላ ሻርቦኖ በሚስተር ዌዘረል የኢንሹራንስ ቢሮ፣ ከጸሐፊው ጠረጴዛ ፊት ቆሞ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ እንግሊዝኛውን እየለቀመ ይናገራል። አፉን በፈረንሳይኛ የፈታው ኦቪላ ያለው እንግሊዝኛ ዳቦ ለመሸጥ ይበቃል፤ ለክርክር ግን አይበቃም። ቢሮው ውስጥ እንደምትሠራ ያውቃል፤ እንዳትሰማው ሳይሆን አይቀርም ድምፁን ዝቅ ያደረገው። ብትወጣ እንደሚያፍር ገባትና ባለችበት ቀረች።

«ከጎንህ የቀለምና የቬርኒሽ መጋዘን አለ» አለ ጸሐፊው ክላፕ፤ ገና ሃያ ሦስት ዓመት ያልሞላው ጎረምሳ ነው። «እንደ ቬርኒሽ ካለ ተቀጣጣይ ነገር አጠገብ ላለ የእንጨት ቤት ኩባንያው ውል አያድስም። በቃ።»

«ጌታዬ፣ መጋዘኑ እኮ ከፈረሰ ሁለት ዓመት ሆነው። አሁን እዚያ የጎረቤታችን ዶሮዎች ናቸው ያሉት።»

«ካርታው ላይ አለ።»

«ካርታው ላይማ ይኖራል። ቦታው ላይ ነው የሌለው።»

«ሃርትፎርድ፣ ዋናው ቢሮ ያሉት ጌቶች የሚያዩት ካርታውን ነው እንጂ ያንተን ቦታ አይደለም።»

«ታዲያ እኔም ካርታው ውስጥ ገብቼ ልጋግር?»

ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንድ ሰው ሳቀ። ኦቪላ ግን ለቀልድ አልነበረም ያለው። ባርኔጣውን አደረገና ወጣ፤ በሩ ላይ ያለው ደወል ቃጭሎ ዝም አለ። የቤቱ ባለቤት ቤቱን ኢንሹራንስ የማስገባቱን ግዴታ በውሉ ላይ የጫኑት በተከራዩ ላይ ነው፤ ለፈረንጆቹ አዲስ ዓመት የታደሰውን ወረቀት ካላሳያቸው ዳቦ ቤቱንም፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ያሉትን ሁለት ክፍሎችም ይለቃል። ጊዜው ኅዳር አጋማሽ ነው። ደቡብ ሆልዮክ በሚባለው ሰፈራቸው የዳቦ ምድጃ የተሠራለት ሌላ ቤት ይገኛል ብሎ ማሰብ በበረዶ ላይ ጎመን እንደ መትከል ነው።

ዴሊማ አራት ዓመት ሙሉ የሠራችው በዚሁ ካርታ ላይ ነው። የካርታ ኩባንያው የላከው ሰው ከተማውን በእግሩ እየዞረ ይለካል፤ ያ ልኬት ተስሎና ታትሞ ይመለሳል። የፈረሰ፣ የተሠራ፣ ወይም የተቃጠለ ቤት ሲኖር ደግሞ ትንንሽ የእርማት ወረቀቶች በፖስታ ይመጣሉ፤ እሷ እያንዳንዷን ቆርጣ፣ ሙጫ ቀብታ፣ ጠረጴዛ በሚያህሉት ሦስት ጥራዞች ላይ በቦታዋ በቦታዋ ትለጥፋለች። ጡብ ቤት ሮዝ ነው፣ የእንጨት ቤት ቢጫ፣ የድንጋይ ሰማያዊ። ባንኮኒው ፊት የሚቆም ሰው ምን ያህል እንደሚከፍል፣ ከነጭራሹም መክፈል ይፈቀድለት እንደሆነ፣ የሚቆረጠው በነዚህ ቀለማት ነው። ከእህቷ ቤተሰብ ጋር የምትኖርበትን ቤት ግን ለሥራ ካልሆነ ካርታው ላይ ገልጣ አይታው አታውቅም። አሁን ሉህ ሠላሳ አንድን ገለጠች። ዳቦ ቤቱ ከፖስታ ቴምብር ያነሰ ቢጫ ነገር ነው። ከጎኑ ሌላ ቢጫ፣ ላዩ ላይ «ቀለምና ቬርኒሽ» የሚል ጽሕፈት።

ነጭ ወረቀት አንስታ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ልክ ቆረጠች። ሙጫ ቀባቻት። ብትለጥፋት ማንም አያውቅም፤ ደግሞም ውሸት አይደለም፣ መጋዘኑ በእርግጥ የለም። ወረቀቷን በጣቷ ጫፍ ይዛ ቆየች። በአራት ዓመት ውስጥ የለጠፈቻቸው እርማቶች ሁሉ ቁጥር አላቸው፤ ከቁጥሩ ሥር ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ በእግሩ ቆሞ ያየው ሰው የስም ምልክት አለ። ይህቺኛዋ ሰው ያልቆመላት ልትሆን ነው። አንዴ እንዲህ ከተጀመረ ነገ የሌላውን ሰው የቬርኒሽ መጋዘን የሚደብቅ ሌላ ለጣፊ አይጠፋም። ጠቅልላ ቅርጫት ውስጥ ጣለቻት፤ ጣቷ ግን እስከ ቀትር ድረስ ይጣበቅ ነበር።

የካርታው ለኪ፣ ሚስተር ታርቦክስ፣ ከሰኞ ጀምሮ ከተማው ውስጥ እንዳለ ታውቃለች፤ ሚስተር ዌዘረልን ሰላም ሊል መጥቶ ነበር። የፋብሪካዎቹ ፊሽካ ስድስት ሰዓት ሲነፋ ለክላፕ ጥርሷን እንዳመማትና ከሰዓት በኋላ እንደማትመጣ ነገረችው። ክላፕ የግማሽ ቀን ደመወዟ እንደሚቀር አስታወሳት። «ይቅር» አለችና ኮቷን ለበሰች።

ታርቦክስን ያገኘችው ለፋብሪካዎቹ ውኃ በሚያመጣው በሁለተኛው ቦይ ዳር፣ አዲሱ የወረቀት ፋብሪካ ግድግዳ ሥር ነው። ሐምሳ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ የኮቱ ኪስ በእርሳስ ብዛት የተንጠለጠለ ሰው ነበር። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እርምጃውን ይቆጥራል። የሚቆጥር ሰው እንደማይቋረጥ ስለምታውቅ ጥጉ ጋ እስኪደርስ ጠበቀችው። ደብተሩ ላይ ከጻፈ በኋላ ነው ቀና ያለው።

«ጌታዬ፣ ሉህ ሠላሳ አንድ ላይ ስህተት አለ» አለችው።

«ሉህ ሠላሳ አንድ የሚባል ነገር እንዳለ ደግሞ ማን ነገረሽ?»

«የሚስተር ዌዘረል ቢሮ ለጣፊ ነኝ። የእርስዎን ወረቀቶች የምለጥፈው እኔ ነኝ።»

ሰውየው ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። «የሆልዮኳ አንቺ ነሽ? ቀጥ አድርገሽ ነው የምትለጥፊው። ሌላ ቦታ ጠማማ አድርገው ለጥፈውት ነው የማገኘው። አንዱማ ያንድ ቄስ ቤት ላይ የጫማ ፋብሪካ ለጥፎባቸው፣ ሁለት ዓመት የጫማ ፋብሪካ ዋጋ ሲከፍሉ ኖሩ።» ከዚያ ዝርዝሩን ከኪሱ አውጥቶ አገላበጠ። «በዚያ ሉህ ላይ ያለው መንገድ እዚህ የለም። ለውጥ አለ ብሎ ማንም አላመለከተም።»

«እዚያ መንገድ ላይ ማን ያመልክት? ዶሮዎቹ?»

ሳቅ አለ፤ ግን ቅዳሜ ጠዋት ባቡር እንዳለውና ገና አሥራ አንድ መንገድ እንደሚቀረው ነገራት። ዴሊማ አልሄደችም። የዳቦ ቤቱን ነገር፣ የክላፕን መልስ፣ የአዲስ ዓመቱን ቀን ሁሉ ባጭሩ ነገረችው፤ ዘመዷ መሆኑንም አልደበቀችም። ታርቦክስ የቦዩን ውኃ እያየ ሲያዳምጥ ቆየ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብርሃን ሳይሸሽ እመጣለሁ» አለ በመጨረሻ። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ ልጄ። ከመጣሁ የማየውን ሁሉ ነው የምጽፈው። አንቺ የፈለግሽውን ብቻ መርጬ አይደለም። ገብቶሻል?»

ከዳቦ ቤቱ ኋላ ያለችው የሳንቃ ቅጥያ በዓይኗ መጣችባት፤ በግድግዳዋ ቀዳዳ የወጣው የቆርቆሮ ጭስ ማውጫም። ቅጥያዋ በካርታ ላይ የለችም። «ገብቶኛል» አለች።

ቅጥያዋን የሠራት ኦቪላ ነው፤ መጋቢት ላይ፣ አራተኛው ልጅ ሲወለድ። ከላይ ያሉት ክፍሎች ጠበቡ፤ አባቱ ዜፊሪን ደግሞ በሰባ ዓመታቸው ደረጃ መውጣት አቅቷቸዋል። ምድር ቤት፣ ከምድጃው ጀርባ፣ አንዲት ደረቅና ሞቃት ክፍል አለች፤ ግን እሷ የዱቄቱ ናት። ዱቄት እርጥበት አይወድም። ስለዚህ ኦቪላ በጓሮው በር ላይ ስምንት ጫማ በአሥር የሆነች ቤት በሳንቃ ቀጠለና ትንሽ ምድጃ አስገባላቸው። ይህንንም ራሱ አልነገራቸውም፤ በሚስቱ በኤግዚልዳ በኩል አስነገራቸው። ሽማግሌው ዕቃቸውን ይዘው ወጡ። ለዱቄት ሞቃት ክፍል፣ ለአባት ሳንቃ፤ ይህን ግን በአፋቸው አላሉትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልጃቸው ጋር አይነጋገሩም። አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ «ለባልሽ ንገሪው፣ የዛሬው ዳቦ ጨው በዝቶበታል» ይላሉ ለኤግዚልዳ። ኦቪላም፣ «ለአባባ ንገሪያቸው፣ ጨው እንደ ትናንቱ ነው» ይላል። ኤግዚልዳ መጀመሪያ መጀመሪያ ታስተላልፍ ነበር፤ አሁን ዝም ብላ ሾርባ ትቀዳለች።

ዴሊማ ስትገባ አተር ሾርባው ቀርቦ ነበር። ልጆቹ በልተው ወደ ላይ ወጥተዋል። በዚህ ሰዓት መምጣቷ ያልተለመደ ቢሆንም ማንም አልጠየቃትም፤ ሳህን ተጨመረላት። የአሳማ ስብ ሽታና የትኩስ ዳቦ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። ኤግዚልዳ ባሏን ሳታይ፣ «ቢሮው ሄድክ?» አለችው።

«ሄድኩ።»

«እና?»

«ተስተካክሏል።»

የኤግዚልዳ ትከሻ በእፎይታ ወረድ አለ፤ ስንት ሌሊት ሳትተኛ እንዳደረች ዴሊማ ያኔ ነው የገባት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አልተስተካከለም» አለች። «ክላፕ እምቢ ብሎ መልሶታል። ሰምቻለሁ።»

ኦቪላ ቀና አላለም። «ከበስተኋላ ሆነሽ ታዳምጭኛለሽ?»

«ሥራዬ እዚያ ነው ኦቪላ። ጆሮዬን የት ልተወው? አሁን ግን እሱን ተወው። ካርታውን የሚለካው ሰውዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። መጋዘኑ አለመኖሩን በዓይኑ ያያል።»

«የት ነው የሚመጣው? እዚህ?» ዳቦውን ገፋው። «ሜትር የያዘ ሰው ቤቴ ጠራሽብኝ? መጋዘኑን ብቻ አይቶ የሚሄድ መሰለሽ? ጓሮ ሲገባ ያንን የጭስ ቱቦ ምን ሊለው ነው?»

«የሚያየውን ይጽፋል።»

«እንግዲያስ ጨረስሽልኝ። ለአዲስ ዓመት የምወጣውን ሰው ዛሬውኑ አስወጣሽኝ።»

ኤግዚልዳ አንዴ ባሏን፣ አንዴ እህቷን ታያለች። የተዋሻት ነገር ከቱቦው ይብስባት እንደሆነ ፊቷ አይናገርም። መንገዱ ላይ ጋሪ አለፈ። ቀጥሎ የተናገሩት ዜፊሪን ናቸው።

«ለባልሽ ንገሪው» አሉ ለኤግዚልዳ፣ «እኔ ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት ቱቦው የሚያልፍበትን ሳንቃ በመዳፌ እዳስሳለሁ። ሲበርድ ተነሥቼ ሦስት አራት ጊዜ። ይሞቃል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጠቁሮ አየሁት።»

«አባባ፣ ታዲያ ምነው ሳይነግሩን?» አለች ኤግዚልዳ።

«ማን ጠየቀኝ?»

ሽማግሌው ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት፣ የደብሩ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን በአንድ ሻማ ተነሥቶ ከሰባ ሰው በላይ ሲበላ እዚያው ውስጥ ነበሩ። በመስኮት ወጡ፤ ታናሽ እህታቸው አልወጣችም። ይህን ደብሩ ሁሉ ያውቃል፤ ቤት ውስጥ ግን ተነሥቶ አያውቅም። አሁንም አላነሡትም። ብቻ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አዩት፣ ትኩሳቱ ገና ያለበት ይመስል።

ኦቪላ ተነሥቶ በጓሮው በር ወጣ። ሦስቱ ቀጥሎ የሰሙት ምስማር ከሳንቃ እየተነቀለ ሲጮህ ነው።

ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አላዘዘም። ኤግዚልዳ ከትንሹ ምድጃ ፍሙን በባልዲ አወጣች። ዴሊማ እጅጌዋን ሰብስባ የሽማግሌውን ልብስ፣ መቁጠሪያቸውንና ብርድ ልብሳቸውን ወደ ሱቁ አጋዘች። ከጎረቤት አንድ አናጺ ጩኸቱን ሰምቶ አጥር ዘሎ መጣ፤ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ የጣሪያውን ሳንቃ ከወዲያኛው ጫፍ ያዘ። ቱቦው ወረደ፣ ትንሹ ምድጃ ወጣ፣ ጣሪያው ተነሣ። ታርቦክስ ግን ቀድሞ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መጣባቸው። ግድግዳዎቹ ገና ቆመው ነበር። ኦቪላ መዶሻውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ፤ ከመሸሸግ ላይ የተያዘ ሰው መሰለ።

ታርቦክስ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ገባ። መጀመሪያ ወደ ጎረቤቱ ግቢ አለፈ፤ የዶሮ ቤቱን ዞረ፣ የድሮውን መጋዘን የመሠረት ድንጋይ በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ጻፈ። ተመልሶ ቅጥያዋ ጋ ቆመ። ከወደቁት ሳንቃዎች መሐል ቱቦው ያለፈበትን አነሣው። የቀዳዳው ዙሪያ ለጣት ያህል ከሰል ሆኗል። በጥፍሩ ፋቀው፣ አሸተተው፤ ከዚያ ለኦቪላ ሰጠው። ኦቪላ ሳንቃውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ቀና ሲል አባቱን ነበር የሚያየው።

«የሜትሩን ጫፍ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለ ታርቦክስ። ዴሊማ ከመተርጎሟ በፊት ዜፊሪን ጫፉን ተቀብለው ጥግ ይዘው ነበር። ሁለቱ ሰዎች በቋንቋ ሳይግባቡ ቤቱን ዙሪያውን ለኩት። የዳቦ ምድጃው ጋ ሲደርሱ ታርቦክስ ግድግዳውን በጣቱ መገጣጠሚያ አንኳኳና ግንባሩን ቋጠረ። «ይኼ ጡብ ነው። ካርታው ላይ ግን ድፍኑ እንጨት ነው። ውፍረቱ ስንት ይሆን?»

ዴሊማ ጠየቀቻቸው። «አሥራ ሁለት ኢንች» አሉ ዜፊሪን፣ የተናቁ ያህል። «እኔ ነኝ የገነባሁት። እስከ ጣሪያው፣ የዱቄቱን ክፍል ጨምሮ። ፋብሪካዎቹን ስገነባ የተረፈ ጡብ ነው። ይለካው፤ አንድ ኢንች ቢያንስ ጺሜን ይላጨኝ።»

ታርቦክስ ለካ። አሥራ ሁለት ነው። ደብተሩ ላይ ጽፎ አሰመረበት፤ ከዚያ አንዲት ገጽ ቀድዶ በእርሳስ ሥዕሉን ገለበጠባት፤ የፈረሰው መጋዘን፣ ጡብ የሆነው የምድጃ ክፍል፣ «በመፍረስ ላይ ያለ ቅጥያ፣ ምድጃው ወጥቷል»። ቀኑንና የስሙን ምልክት አኑሮ ለዴሊማ ሰጣት። «የታተመው እርማት ለመድረስ ሁለት ወር ይፈጃል። ይህን ለሚስተር ዌዘረል አሳዪው። በአሥር ሰዓት ተኩል አንድ ሳንቃ ቆሞ ባገኝ ግን ተመልሼ እሰርዘዋለሁ።»

«አሥር ሰዓት አይሞላም» አለ ኦቪላ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝኛ ሳይፈራ።

ሚስተር ዌዘረል ኮታቸውን ለብሰው ሊወጡ ሲሉ ደረሰችባቸው። ክላፕ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ወረቀቷን መብራት ሥር ይዘው ሁለት ጊዜ አነበቧት።

«ጥርስሽ ተሻለሽ?» አሏት።

«ጥርሴን አላመመኝም ነበር ጌታዬ። ዳቦ ቤቱ የእህቴ ባል ነው። ዋሽቼ ነው የወጣሁት።»

ክላፕ ቀና ብሎ አያት። ዌዘረል ወረቀቷን አጣጥፈው መልሰው ዘረጓት። ሉህ ሠላሳ አንድን ገልጠው ከወረቀቷ አጠገብ አድርገው ጎንበስ ብለው አዩት። «ሙጫው እጅሽ ላይ፣ መጽሐፉ ፊትሽ ላይ ነበር» አሉ። «አስበሽው አታውቂም?»

«ዛሬ ጠዋት አስቤዋለሁ። ወረቀቱንም ቆርጬው ነበር።»

ዌዘረል መጽሐፉን ዘጉ። «የግማሽ ቀን ደመወዝሽ ቀርቷል፤ ደንብ ነው» አሉ። ወዲያው ወደ ክላፕ ዞሩ። «ለሻርቦኖ በዚህ ወረቀት ውሉን አድስለት፤ ለሃርትፎርድ እኔ እጽፋለሁ። ደግሞ ነገ ጠዋት ባርኔጣህን አድርገህ ና። ከሚስ ጋኞን ጋር ደቡብ ሆልዮክን ትዞራለህ። ስንት ዶሮ ላይ ቬርኒሽ እያስከፈልን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ወደ ቤት ስትመለስ ፋኖሶቹ እየበሩ ነበር። ፈጥና ልትነግራቸው ሮጥ ሮጥ ብላ ደረሰችና ሱቁ በር ላይ ቆመች። ከውስጥ ጩኸት ይሰማል። ኤግዚልዳ ሕፃኑን ታቅፋ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣለች፤ ጆንያዎቹ ሁሉ ወጥተው ሱቁን ሞልተውታል። ዴሊማ በጆሮዋ «ታድሷል» አለቻት። ኤግዚልዳ ዓይኗን ጨፍና እጇን ጨበጠቻት፤ ከዚያ ወደ ውስጥ በአገጯ ጠቆመች።

ከምድጃው ጀርባ ባለው በር ላይ የሽማግሌው አልጋ ተቀርቅሯል። ዜፊሪን ከውስጥ፣ ኦቪላ ከውጭ ሆነው ይገፉታል።

«በጎኑ አዙረው አልኩህ እኮ!» ይላሉ ዜፊሪን።

«በጎኑ ሞክሬዋለሁ አባባ፣ እግሩ ነው የማያሳልፈው።»

«እግሩን ወደ ላይ አድርገዋ። በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እኔን ታስተምረኛለህ?»

«በሩን ከሠሩት ምናለ ትንሽ ሰፋ ቢያደርጉት?»

«ያኔ ላንተ ዱቄት መስሎኝ ነው የሠራሁት!»

ዴሊማ ልትረዳቸው ኮቷን ማውለቅ ጀመረች። ኤግዚልዳ ክንዷን ይዛ አስቀረቻት፤ ጆንያው ላይ ቦታ ለቀቀችላትና ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ተያቸው» አለች። «ስምንት ወር ነው የጠበቅኩት። አልጋው ቶሎ አይግባ።»